የመጨረሻው ቡድን እስከ መጨረሻው እንዲመጣ፦ የአማተር እግር ኳስ ሊግ እንዴት ይደራጃል?

የአማተር ሊግ መሞት የሚጀምረው ከታች ነው። መጨረሻ ደረጃ ላይ ያለው ቡድን አንድ ሳምንት በ9 ሰው ይመጣል፣ በሚቀጥለው በ7፣ ከዚያ ጭራሽ ይቀራል። ሊገጥመው የመጣው ቡድን ማልያ ለብሶ፣ አሟሙቆ፣ ፎርፌ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሦስት ነጥብ አግኝቷል፣ ቀኑ ግን ባክኗል። ይሄ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ሰንጠረዡ መሃል ላይ ያሉትም "እኛስ ለምን እንለፋለን?" ማለት ይጀምራሉ። ለዓመታት ሊግ ሳደራጅ ያየሁት የመፍረስ መንገድ በአብዛኛው ይሄው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁን ሁሉ፣ መርሐ ግብሩንም፣ ገንዘቡንም፣ ዳኝነቱንም፣ ቅጣቱንም፣ በአንድ ጥያቄ ነው የምመዝነው። ይሄ ደንብ የመጨረሻውን ቡድን እስከ ማብቂያው ሳምንት ያመጣዋል ወይስ ያስቀረዋል?

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1888 የአስቶን ቪላ የቦርድ አባል የነበረው ዊሊያም ማክግሪጎር ለሌሎች ክለቦች ደብዳቤ የጻፈው በዚሁ ተማሮ ነው። ያኔ ክለቦች የወዳጅነት ጨዋታ ይቀጣጠራሉ፣ ግን አንዱ የተሻለ ግጥሚያ ካገኘ ወይም የዋንጫ ጨዋታ ከደረሰበት ቀጠሮውን ይሰርዛል፣ ተመልካች ሜዳ ደርሶ ይመለሳል። ማክግሪጎር ያለው ቀላል ነገር ነበር፦ ጥቂት ክለቦች ይስማሙ፣ በሜዳቸውና ከሜዳቸው ውጪ እርስ በርስ ይጫወቱ፣ ቀጠሮው አይሰረዝ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ሊጉ በ12 ክለቦች ተጀመረ። የሚገርመው ሲጀመር የነጥብ አሰጣጡ አልተወሰነም ነበር። ለማሸነፍ 2፣ ለአቻ 1 የሚለው የጸደቀው ኖቬምበር ላይ ነው፣ ውድድሩ ከሁለት ወር በላይ ከሄደ በኋላ። እነሱ ተግባብተው አለፉት። እናንተ ግን እንዳትሞክሩት።

ቡድን ከመቁጠራችሁ በፊት ሜዳ ቁጠሩ

ብዙ ሰው ሊግ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ቡድን ይመዘገባል?" ብሎ ነው። እኔ ሜዳውን አስቀድማለሁ። 10 ቡድን አንድ ጊዜ ብቻ እርስ በርስ ቢጫወት 45 ጨዋታ ነው፣ በደርሶ መልስ 90። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የቡድኖቹን ብዛት ከእሱ አንድ በሚያንሰው ቁጥር አባዙት፣ ያ የደርሶ መልሱ ጠቅላላ ነው፤ ለአንድ ዙር ከሆነ ለሁለት አካፍሉት። አሁን ሰዓቱን ጨምሩበት። 90 ደቂቃ ጨዋታ፣ 15 ደቂቃ ዕረፍት፣ ትንሽ ማሟሟቂያ፣ ትንሽ መዘግየት፣ በቃ አንድ ጨዋታ ሜዳውን 2 ሰዓት ይይዘዋል። 10 ቡድን በሳምንት 5 ጨዋታ አለው፣ ስለዚህ 10 ሰዓት። በአንድ ሜዳ በአንድ ቀን ልክተተው ብትሉ የመጨረሻዎቹ በጨለማ ነው የሚጨርሱት፣ ሣሩም ብዙ አይቆይላችሁም። ወይ ሁለት ቀን ወይ ሁለት ሜዳ ያስፈልጋችኋል።

20 ቡድን ቢመጣላችሁስ? ደስ ይላል፣ ግን አንድ ሊግ ውስጥ አታጭቋቸው። 20 ቡድን በደርሶ መልስ 380 ጨዋታ ነው፣ ደመወዝ ለሚከፈላቸው ተጫዋቾች የሚሆን ቁጥር። አሥር አሥር አድርጋችሁ ብትከፍሏቸው 180 ይሆናል። አከፋፈሉ ግን መታሰብ አለበት። ቡድኖቹ ተራርቀው ያሉ ከሆነ በአካባቢ ክፈሉ፣ ምክንያቱም ሰፊ አካባቢ በሚሸፍን ሊግ ላይ ቡድን ከሚያደክሙት ነገሮች ትልቁ መንገድ ነው፤ የሚሸነፍ ቡድን ሦስት ሰዓት ተጉዞ 6 ለ 0 ተሸንፎ ሦስት ሰዓት የሚመለሰው ስንት ጊዜ ነው? ካልተራራቁ ግን በአቅም ክፈሉ፣ አንደኛና ሁለተኛ ዲቪዚዮን፣ ሁለት እየወጣ ሁለት እየወረደ። ደካማው ከደካማው ጋር ሲጫወት 2 ለ 1 ያሸንፋል፣ 1 ለ 1 ይወጣል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።

ሌላም አሪፍ መላ አለ። የስኮትላንድ ፕሪምየርሺፕ 12 ክለቦች 33 ጨዋታ ካደረጉ በኋላ ሰንጠረዡ ለሁለት ይቆረጣል፣ ከላይ ያሉት 6 እርስ በርስ፣ ከታች ያሉት 6 እርስ በርስ 5 ጨዋታ ይጨምራሉ። እናንተ ይህንን በትንሹ ልትሠሩት ትችላላችሁ። 10 ቡድን አንድ ዙር ይጫወት፣ 9 ጨዋታ። ከዚያ አምስት አምስት ሆነው እንደገና ይጫወቱ። ታች ያሉት 5 ቡድኖች ራሳቸውን የቻለ ትንሽ ውድድር ያገኛሉ፣ 6ኛ ሆኖ ለሚጨርሰውም ትንሽ ዋንጫ አዘጋጁለት። ዋንጫው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ለእሱ ሲታገሉ ታያላችሁ፣ እኔ አይቻለሁ።

መርሐ ግብሩን በወረቀትና በእርሳስ

ለዚህ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ቡድኖቹን በእጣ ቁጥር ስጧቸው፣ ከዚያ በሁለት ረድፍ ጻፏቸው። ስድስት ቡድን ቢሆኑ ላይኛው ረድፍ 1፣ 2፣ 3፤ ታችኛው በትይዩ 6፣ 5፣ 4። ፊት ለፊት ያሉት ይጫወታሉ፦ 1 ከ6፣ 2 ከ5፣ 3 ከ4። ለሚቀጥለው ሳምንት 1 ቁጥርን ባለበት ተዉትና ሌሎቹን ሁሉ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ አንድ አንድ እርምጃ አዙሯቸው። 6 ወደ ላይ ወጥቶ ከ1 ጎን ይቀመጣል፣ 3 ወደ ታች ይወርዳል። ጨዋታዎቹ 1 ከ5፣ 6 ከ4፣ 2 ከ3 ይሆናሉ። እንዲህ እያዞራችሁ አምስት ሳምንት ስትደርሱ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጫውቷል፣ ማንም አልተደጋገመም። የቡድኑ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ "ዕረፍት" የሚባል ቡድን ጨምሩበት፣ ከ"ዕረፍት" ጋር የወጣው በዚያ ሳምንት አይጫወትም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ላይ ደካማ ናቸው ብላችሁ የምትገምቷቸው ቡድኖች በተከታታይ ከጠንካሮቹ ጋር እንዳይወድቁ እዩት። እጣውን አታጭበርብሩ፤ ይልቅ የሳምንታቱን ቅደም ተከተል ቀያይሩ። በሰባተኛው ሳምንት የነበረውን ሦስተኛ ብታደርጉት ማንም አይጎዳም፣ ግን ይህን የምታደርጉት መርሐ ግብሩ ከመለጠፉ በፊት ነው። ከተለጠፈ በኋላ አንድ ጨዋታ እንኳ በስልክ ልመና አይቀየርም። "የእኛ አምስት ልጆች ሰርግ አለባቸው" የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ጠያቂው ጓደኛችሁ ይሆናል። አንዴ እሺ ካላችሁ ዘጠኙም ቡድን የራሱን ሰበብ ይዞ ይመጣል፣ ስለዚህ ለማንም እሺ አትበሉ። በምትኩ የቀን መቁጠሪያው ላይ ባዶ ሳምንታት አስቀምጡ። 18 ሳምንት ጨዋታ ካላችሁ 4 ባዶ ሳምንት ጨምሩ። ዝናብ ሜዳውን ካጠፋው፣ ጨዋታ ከተቋረጠ፣ ወደዚያ ነው የሚሄደው። የሚያራዝሙ ምክንያቶችም አስቀድመው ይጻፉ፦ ዳኛው ሜዳው አያጫውትም ካለ፣ ሌላ ምን? አጭር ይሁን።

የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት ይጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ አልጄሪያ ጨዋታዋን በዋዜማው ጨርሳ ስትጠብቅ፣ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ በስፔኗ ሂኾን ከተማ፣ ጀርመን በአንድ ወይም በሁለት ጎል ልዩነት ካሸነፈች ሁለቱም እንደሚያልፉ አውቀው ገቡ። የጀርመን ጎል በ10ኛው ደቂቃ ገባ፣ 1 ለ 0፣ ከዚያ በኋላ ማንም የምር አልተጫወተም፣ አልጄሪያ ወደቀች። ከቀጣዩ የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት የሚደረጉት ለዚህ ነው። ያላችሁ ሜዳ አንድ ከሆነ ለዚያ አንድ ቀን ብቻ ተጨማሪ ሜዳ ተዋሱ። እሱም ካልተገኘ ዋንጫ የሚወስኑትንና መውረድ የሚወስኑትን ጨዋታዎች ለይታችሁ፣ ቢያንስ እነዚያ እኩል እንዲጀመሩ አድርጉ።

ደንቡ አራት ገጽ ይበቃዋል

የጨዋታውን ሕግ እናንተ አትጽፉም፣ ተጽፏል። የሕጉ ባለቤት የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ቦርድ ነው፤ ለአማተር፣ ለታዳጊና ለአንጋፋ ተጫዋቾች ውድድር አንዳንድ ነገር መቀየር እንደሚቻልም እዚያው ሕጉ ላይ አለ። እናንተ የምትጽፉት የውድድሩን ደንብ ነው፣ አራት ገጽ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ማንም አያነበውም። ሁሉም አምበልና አሰልጣኝ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ይፈርምበት። አንድ ጊዜ እኔ ያለሁበት ሊግ ላይ ሁለት ቡድን በእኩል ነጥብ ጨረሰ፣ ደንቡ ላይ ስለ እኩል ነጥብ አንድም ቃል አልነበረም። አንዱ በጎል ልዩነት አለ፣ ሌላው እርስ በርስ ስንጫወት አሸንፈነዋል አለ፣ ሁለቱም ልክ ነበሩ። ኮሚቴው የመረጠው መንገድ ግማሹን ሰው አስኮረፈ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ቡድን አልተመዘገበም። ጥፋቱ የእኛ ነበር፣ አንድ መስመር ቢጻፍ ይድን ነበር።

ታዲያ እኩል ሲሆኑ ማን ይቅደም? እንግሊዝ ውስጥ በጎል ልዩነት ነው፣ ስፔን ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው የእርስ በርስ ውጤት ነው። ለአማተር ሊግ እኔ የስፔኑን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ጎል ልዩነት የሚሰበሰበው ከማን ላይ እንደሆነ እናውቃለን። ከደካማው ቡድን ላይ። 7 ለ 0 እየመራ ያለ ቡድን "ልዩነት ያስፈልገናል" ብሎ 14 ሲያደርገው እነዚያ ልጆች በሚቀጥለው ሳምንት አይመጡም። መጀመሪያ የእርስ በርስ ውጤት፣ ቀጥሎ የጎል ልዩነት፣ ቀጥሎ ያገባው ጎል፣ አሁንም እኩል ከሆኑ አንድ ተጨማሪ ጨዋታ። ነጥቡስ? ለማሸነፍ 3፣ ለአቻ 1፣ ይሄ ላይ አትፈላሰፉ።

ፎርፌን በደንብ ጻፉት። ሕጉ አንድ ቡድን ከ7 ተጫዋች በታች ከሆነ ጨዋታው አይጀመርም፣ አይቀጥልም ይላል። ስለዚህ በ7 ሰው የመጣ ቡድን መጫወት ይችላል፣ ይህን ብዙ አምበል አያውቅም፣ ንገሯቸው። የመጠበቂያ ጊዜው 15 ደቂቃ ይሁን፣ ሰዓቱን ዳኛው ይያዝ። ፎርፌ 3 ለ 0 ተብሎ ይመዘገባል። ሁለት ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ቡድን ከውድድሩ ይወጣል። ቡድን በመሃል ሲወጣ ደግሞ ውጤቱ ምን ይሆናል? የተለመደውና ፍትሐዊው፣ ግማሽ ጨዋታዎቹን ሳይጨርስ ከወጣ ያደረጋቸው ሁሉ ይሰረዛሉ፤ ከግማሽ በላይ ተጫውቶ ከወጣ የነበሩት ይጸናሉ፣ ለቀሩት ተጋጣሚዎቹ 3 ለ 0 ያገኛሉ።

ቅያሪን በተመለከተ፣ የወጣ ተጫዋች ተመልሶ እንዲገባ ፍቀዱ። ከላይ እንዳልኩት ብሔራዊ ፌዴሬሽኑ ከተስማማ ለአማተር ውድድር የተፈቀደ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ሥራ ላይ ውሎ የመጣ የ38 ዓመት ሰው 90 ደቂቃ መሮጥ አይችልም፣ 25 ደቂቃ ተጫውቶ፣ ዐርፎ፣ መመለስ ግን ይችላል። ተቀያሪ ወንበር ላይ ወር ሙሉ ተቀምጦ የሚቀር ልጅም አይኖርም። በእኔ ልምድ የቡድንን ቁጥር የሚያቆየው ከሁሉ በላይ ይሄ ደንብ ነው።

ምዝገባና ቴሴራ

አብዛኛው ጸብ የሚመጣው ከዳኛ ውሳኔ ይመስላችሁ ይሆናል። በብዛት የሚመጣው "ይሄ ልጅ የናንተ አይደለም" ከሚለው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ስም፣ የልደት ቀን፣ ፎቶ፣ ፊርማ፣ አንድ ቡድን ብቻ። ቡድኑ እስከ 25 ያስመዝግብ። ምዝገባው መጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ለአንድ ሳምንት ይከፈት፣ ከዚያ ይዘጋ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ከሌላ ቦታ የመጣ ጎበዝ አጥቂ ለአንድ ጨዋታ ሲሰለፍ የሚሰማውን ስሜት ተቃራኒው ቡድን ውስጥ ቆማችሁ አስቡት።

ከጨዋታ በፊት ደግሞ አንድ ሥርዓት ልመዱ። ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው ዳኛው ባለበት ቴሴራቸውን፣ ማለትም የተጫዋችነት መታወቂያቸውን፣ ያሳያሉ፣ አምበሎቹ የአንዱን ዝርዝር ሌላው ያያል፣ ይፈርማል። በማንነት ላይ ክስ ያለው ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት ይናገራል፣ ዳኛውም ይጽፈዋል። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ተሸንፎ ማታ የሚመጣውን ክስ ግማሹን ይቀንስላችኋል።

ዳኛ

ዳኛ ሳይኖር ሊግ የለም። ስለዚህ ለዳኛ የሚከፈለውን ቡድኖቹ ሜዳ ላይ እያዋጡ አይስጡ። ሊጉ ይክፈል፣ ጨዋታው ሳይጀመር ይክፈል፣ በእጁ ይስጠው። ተሸናፊ ቡድን "ለዚህ ዳኝነት አንከፍልም" የሚልበት ዕድል መኖር የለበትም። በአካባቢው ያለውን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ሊጋችሁን አስመዝግቡ፤ ፈቃድ ያላቸው ዳኞች የሚመደቡት በዚያ በኩል ነው፣ ከባድ ቅጣት የተጣለበት ተጫዋችም በሌላ ውድድር ስም ቀይሮ እንዳይገባ የሚያደርገው ይሄው ግንኙነት ነው።

ሁለት ረዳት ዳኛ ለሁሉም ጨዋታ አይገኝም። ካልተገኘ ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ባንዲራ ይይዛል፣ ሥራው ግን ኳስ መስመር ማለፏን ማሳየት ብቻ ነው። ኦፍሳይድ አይደለም። ይህንን ዳኛው ከመጀመሩ በፊት ጮክ ብሎ ለሁሉም ይንገር፣ ያለበለዚያ የራሱን ቡድን ያዳነ ባንዲራ የጸብ መነሻ ይሆናል።

ዳኛን መክበብና መሳደብ ላይ አትለሳለሱ። ከ2024 ጀምሮ ውድድሮች የሚጠቀሙበት መመሪያ አለ፣ ወደ ዳኛው ቀርቦ ማነጋገር የሚችለው አምበሉ ብቻ ነው። ለአማተር ሊግ ይሄ ስጦታ ነው። አምበሉ ይጠይቃል፣ በትሕትና፣ ዳኛውም በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳል፣ ሌላው ራቅ ብሎ ይቆማል፣ የማይሰማው ቢጫ ያያል። ጀማሪ ዳኞች የሚያቋርጡት ስለማያውቁ ሳይሆን ስድቡ ስለሚበዛባቸው ነው፣ አንድ ወጣት ዳኛ ባጣችሁ ቁጥር የሚቀጥለው ዓመት አንድ ሜዳ ያለ ዳኛ ይቀራል።

ቅጣትና ክስ

ሦስት ሰው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሁን፣ ሁለት ተጠባባቂም ይኑረው፤ ጉዳዩ የእሱን ቡድን የሚነካ አባል ይነሳና ተጠባባቂው ይተካል። ቅጣቶቹ በቁጥር ይጻፉ። በሁለት ቢጫ ለወጣ አንድ ጨዋታ፣ ለአደገኛ አጨዋወት ሁለት፣ ለስድብ ሦስት፣ ለድብደባ ስድስት፣ ዳኛ ላይ እጁን ላነሳ ውድድሩ እስኪያልቅ እና ከዚያ በላይ። ቁጥሮቹን እንደምትስማሙት አድርጉት፣ ግን ከድርጊቱ በፊት ይታወቁ። አንደኛ ላለው ቡድን ኮከብና መጨረሻ ላለው ቡድን ተከላካይ እኩል ይቀጡ። ሰው ቅጣትን ይቀበላል፣ አድልዎን ግን አይረሳም።

ክስ በ48 ሰዓት ውስጥ፣ በጽሑፍ፣ ከማስያዣ ገንዘብ ጋር ይቅረብ፤ ካሸነፈ ማስያዣው ይመለስለታል። ኮሚቴው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይወስን። ዳኛው ሜዳ ላይ የወሰነው፣ ጎል ነው አይደለም፣ ፍጹም ቅጣት ምት ነው አይደለም፣ ክስ አይቀርብበትም። ይሄ መስመር ብቻውን ብዙ ማታ ያስተኛችኋል።

ገንዘቡ

ለአንድ ጨዋታ የሚወጣውን ጻፉ፦ የዳኞች፣ የሜዳ፣ የመጀመሪያ ርዳታ፣ የኳስ ማርጀት። በጨዋታው ብዛት አባዙት፣ የዋንጫና የጽሕፈት ወጪ ጨምሩበት፣ ለድንገተኛ አንድ አሥረኛ ጨምሩ፣ ለቡድኖቹ አካፍሉት። መዋጮው ይሄ ነው። ስፖንሰር "እሺ" ስላለ አትቀንሱት፣ ገንዘቡ ሂሳባችሁ ላይ ሲገባ ያኔ ትቀንሳላችሁ። መዋጮው በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ቢከፈል ደካማው ቡድን ይተነፍሳል።

ከመዋጮው ሌላ እያንዳንዱ ቡድን መያዣ ያስቀምጥ፣ ጨዋታዎቹን ሁሉ ከጨረሰ ሙሉ በሙሉ የሚመለስለት። 10ኛ ሆኖ እንኳ ቢጨርስ ይመለስለታል። በ16ኛው ሳምንት ተስፋ የቆረጠ አምበል ልጆቹን የሚሰበስብበት አንድ ምክንያት ይኖረዋል። ሽልማቱን ደግሞ ትልቅ አታድርጉት። ትልቅ የገንዘብ ሽልማት የሚያመጣው ከሌላ ቦታ የሚከራይ ተጫዋች ነው፣ ከእሱ ጋር የተጭበረበረ ቴሴራ፣ ከእሱ ጋር ጸብ። ያንን ገንዘብ ለኳስና ለመረብ አውሉት። የሊጉን ሂሳብ ሁለት ሰው በጋራ ፊርማ ያንቀሳቅስ፣ ገቢና ወጪው በየወሩ ለሁሉም አምበል ይላክ።

ሜዳውና ሕይወት

የሜዳው ርዝመት ከ90 እስከ 120 ሜትር፣ ስፋቱ ከ45 እስከ 90 ሜትር ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ ያላችሁ ሜዳ ትንሽ ቢጠብ አትጨነቁ። ጎሉ 7.32 በ2.44 ሜትር ነው፣ ፍጹም ቅጣት ምቱ 11 ሜትር። ማዕዘኑ ቀጥ እንዲል በገመድ 3 ሜትር በአንድ ጎን፣ 4 ሜትር በሌላው ለኩ፣ በሁለቱ ጫፎች መሃል 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ልክ ነው። ለመስመር የሜዳ ቀለም ተጠቀሙ። ያልጠፋ ኖራ በፍጹም አታድርጉ፣ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል።

ተንቀሳቃሽ ጎል ካላችሁ መሬት ላይ ይታሰር። ሕጉም ያዛል። ያልታሰረ ጎል ላይ ተንጠልጥለው ብረቱ ወድቆባቸው የሞቱ ልጆች አሉ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት አንድ ሰው ቋሚውን ይዞ ይነቅንቀው፣ ከተነቃነቀ ጨዋታው አይጀመርም።

ከዚህ በታች ያለውን ሳትቸኩሉ አንብቡልኝ። ጁን 12 ቀን 2021 ኮፐንሃገን ላይ ዴንማርክ ከፊንላንድ ስትጫወት ክርስቲያን ኤሪክሰን ማንም ሳይነካው ወደቀ፣ ልቡ ቆሞ ነበር። የተረፈው ሰዎች ወዲያው ደረቱን መጫን ስለጀመሩና የልብ ማስነሻ መሣሪያው አጠገብ ስለነበረ ነው። ከእናንተ ሜዳ አጠገብ ያ ሁሉ ባለሙያ አይኖርም። ግን ከየቡድኑ ሁለት ሰው የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና መውሰድ ይችላል፣ ይህንን የምዝገባ መስፈርት አድርጉት። ሳይነካ የወደቀ፣ የማይመልስና በደንብ የማይተነፍስ ሰው ልቡ ቆሟል ብላችሁ ጀምሩ። አንዱ ለአምቡላንስ ይደውል፣ ሌላው ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጁ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር እየጫነ ይቀጥል፣ ሲደክመው ሌላ ይተካው። መሣሪያው በአቅራቢያ የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ፣ ደረቱ ሳይጫን፣ ያለ መሣሪያውም የምታልፍ እያንዳንዷ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉን ከ7 እስከ 10 በመቶ ትቀንሳለች። የአምቡላንስ መግቢያ በር በጨዋታ ሰዓት አይቆለፍ፣ መኪናም አይቆምበት።

ጭንቅላቱን ተመትቶ የተደናገጠ፣ የደነዘዘ፣ የት እንዳለ የጠፋበት ተጫዋች ይወጣል፣ በዚያ ቀን አይመለስም፣ "ደህና ነኝ" ቢልም። ነጎድጓድ ከተሰማ ጨዋታው ይቆማል፣ ሁሉም ጣሪያ ስር ይገባል፣ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይጀመርም።

የጨዋታ ቀን

ለእያንዳንዱ ቀን አንድ የሊግ ሰው ይመደብ፣ ቁልፉ እሱ ጋ ይሁን፣ ቦርሳ ይያዝ። ቦርሳው ውስጥ ሁለት ኳስ፣ ማስነፊያ፣ የማዕዘን ባንዲራ፣ ትርፍ ፊሽካ፣ የውጤት ቅጽ፣ የማልያ ቀለም ሲመሳሰል የሚለበስ 14 ሰደርያ። ኳሱ 5 ቁጥር ነው፣ ከ410 እስከ 450 ግራም። የማልያ ቀለም ሲጋጭ ማን ይቀይር የሚለውን መርሐ ግብሩ ላይ በስተቀኝ የተጻፈው ይቀይር ብላችሁ ጨርሱት።

ጨዋታው ሲያልቅ ዳኛውና ሁለቱ አምበሎች ቅጹ ላይ ይፈርማሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ለአንድ ሰው ይላካል። ሰንጠረዡን የሚሠራው ያ አንድ ሰው ብቻ ነው። በዚያው ማታ ይለጥፈው። ተጫዋቾች ማታ ስልካቸውን ይዘው የሚጠብቁት ሰንጠረዡን ነው፣ ሦስት ቀን ከዘገየ ሙቀቱ ይጠፋል። ውጤት ስትጽፉ የታች ቡድኖችንም ጎል አግቢ ስም ጻፉ። 5 ለ 1 የተሸነፈ ቡድን አንዷን ጎል ያገባው ልጅ ስሙን ሲያይ ለእናቱም ለጓደኛውም ያሳያል።

በውድድሩ አጋማሽ ላይ ደግሞ ሰንጠረዡን ከታች ወደ ላይ አንብቡት። መጨረሻ ላይ ላሉት ለሁለቱ አምበሎች ደውሉ። ስንት ሰው ይመጣላችኋል? መጓጓዣ ነው? መዋጮ ነው? በረኛ የላችሁም? በር ጠባቂ ማጣት ብቻ ቡድን ሲያፈርስ አይቻለሁ፣ ምዝገባው ሲከፈት ለእነሱ አንድ በረኛ ማፈላለግ ለእኛ የሁለት ቀን ሥራ ነበር፣ ቡድኑም እስከ መጨረሻው ተጫወተ።

ውድድሩ ሲያልቅ መያዣውን በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሱ፣ ሂሳቡን ዝጉና ላኩ፣ የደንብ ማሻሻያ ሐሳብ ሰብስቡ። አምበሎችን ስትሰበስቡ መናገር የሚጀምረው የመጨረሻው ቡድን አምበል ይሁን፣ ከእሱ ወደ ላይ ሂዱ። የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፦ ሁልጊዜ የመጀመሪያውን የጠዋት ጨዋታ ለምን እኛ፣ የምንለብስበት ክፍል ለምን ይዘጋል። ጻፉት፣ ለሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ከመክፈታችሁ በፊት አስተካክሉትና መልሳችሁ ደውሉለት።